ከበሮ በሰው እጅ ያምር (ለሪንጎ ስታር የቆመ ጥብቅና)

አዲስ አበባ ውስጥ የሮክ ወዳጆች ብንቆጠር አንድ ካፌ አንሞላም። ክርክራችን ግን ስታዲየም ይሞላል። ከክርክሮቻችን ሁሉ የማያረጀው ደግሞ «በሮክ ታሪክ ታላቁ ድራመር ማነው?» የሚለው ነው። መልሱ ሁሌም የሚመጣው በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ነው። አንዱ «ጆን ቦንሃም!» ይላል። ሌላው «ኪት ሙንን ረሳኸው?» ብሎ ይነሳል። ሦስተኛው መነጽሩን አስተካክሎ «ኒል ፒርት» ይላል። ከሁሉም በላይ አውቃለሁ የሚለው ጂንጀር ቤከርን ይጠራና ማኪያቶውን ፉት ይላል። እኔ «ሪንጎ ስታር» ስል ግን ክርክሩ ቆሞ ሳቅ ይጀመራል። «አንቺ ደግሞ! እሱን የምትወጂው ስለሚያሳዝንሽ ነው።»

ኧረ በፍጹም! 8 ዓመት ሙሉ ከቢትልስ ከበሮ ጀርባ የተቀመጠ ሰው ምኑ ነው የሚያሳዝነው? ስለዚህ ሳቁ ይብቃና ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ሪንጎ «እሱም መጥፎ አይደለም» ተብሎ የሚታለፍ ድራመር አይደለም። ከሮክ ድራመሮች ሁሉ ታላቁ እሱ ነው። ይህን የምለው ሰው ለማናደድ አይደለም (እሺ፣ ትንሽ ለማናደድም ነው!)። የምለው ድራመር የምንለካበት ሚዛን ስለተንሻፈፈ ነው።

መጀመሪያ ለተቃራኒው ወገን ፍትሕ እናድርግ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።) «ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት በ2016 የምንጊዜም 100 ምርጥ ድራመሮችን ዝርዝር ሲያወጣ 1ኛ ቦንሃም፣ 2ኛ ሙን፣ 3ኛ ቤከር፣ 4ኛ ፒርት ነበሩ። ሪንጎ 14ኛ ወጣ። 14ኛ! በእኛ ትምህርት ቤት ደንብ እስከ 3ኛ የወጣ ይሸለማል፣ 14ኛ የወጣ ካርዱን ደብቆ ቤቱ ይገባል።

አራቱ ቀላል ሰዎች አልነበሩም። ሙን የዘ ሁን ዘፈኖች ተራራ እንደሚናድ አድርጎ ይመታቸው ነበር። ቤከር የጃዝን ዕውቀት ይዞ መጥቶ በ1966 ክሪም በተባለው ባንዱ «ቶድ» በሚለው ሥራ ረጅሙን የከበሮ ሶሎ ለሮክ አስተዋወቀ። ፒርት የራሽን ከበሮ እየመታ የባንዱን አብዛኛውን ግጥምም ይጽፍ ነበር። የቦንሃምን የቀኝ እግርማ ማን ይክዳል? ሌድ ዜፕሊን እሱ በ1980 በ32 ዓመቱ ሲሞት ያለ እሱ አንቀጥልም ብሎ ፈርሷል። ይህ ትልቅ ምስክርነት ነው። ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ችግሬ ከሰዎቹ ጋር ሳይሆን ሰዎቹ ከሚወደሱበት ምክንያት ጋር ነው። የቦንሃም አድናቂ አፉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚጠራው «ሞቢ ዲክ»ን ነው። በ1969ኙ አልበም ላይ ከ4 ደቂቃ ትንሽ የሚበልጠው ይህ ሥራ መድረክ ላይ 20 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይወስድ ነበር። የፒርት አድናቂ የከበሮዎቹን ብዛት ይቆጥርልሃል። የሌላው አድናቂ ፍጥነት ይለካል። እኔ እምለው፣ ይሄ ሙዚቃ ነው ወይስ አትሌቲክስ? ሚዛኑ ፍጥነት ከሆነ ኮምፒውተር ሁላቸውንም ይበልጣል፣ ክርክሩም እዚያው ያልቃል። ሚዛኑ ውስብስብነት ከሆነ ደግሞ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የቦንሃምን ሶሎ አንድም ሳያጎድል የሚመታ ታዳጊ ሞልቷል። ታዲያ ታዳጊው ከቦንሃም ይበልጣል? አይበልጥም። ለምን እንደማይበልጥ የሚያውቅ ሰው በግማሽ ከእኔ ጋር ተስማምቷል።

አሁን ወደ ቦንሃም እንመለስ፤ ምክንያቱም ምርጡ ምስክሬ እሱ ነው። በ1971 በወጣው የሌድ ዜፕሊን አራተኛ አልበም መጨረሻ ላይ «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» የሚባል ዘፈን አለ። ከበሮው የተቀዳው ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ ቤት ውስጥ ደረጃው ሥር ተቀምጦ ነው፤ ማይክሮፎኖቹ ከላይ ተሰቅለው ነበር። ቦንሃም ምን መታ? ዘገምተኛ፣ ከባድና ቀላል ምት። ከ7 ደቂቃ በላይ ሳይቸኩል፣ እዩኝ እዩኝ ሳይል። በ1986 ቢስቲ ቦይስ የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲከፍቱ ከቦንሃም የወሰዱት ይህንኑ ምት ነው። ሶሎውን አልወሰዱም። የቦንሃም ታላቅነት የሚታየው ራሱን ለዘፈኑ በሰጠበት ሰዓት ነው። አድናቂዎቹ የሚያጨበጭቡት ግን ጓደኞቹ መድረኩን ለቀው በወጡበት ሰዓት ላለው ቦንሃም ነው።

እንግዲህ የእኔ ሚዛን ይኸውላችሁ። ድራመር የዘፈን ምሰሶ ነው፤ ምሰሶ ደግሞ የሚመዘነው ጣሪያውን በመያዙ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ምቱ ቢወጣ ዘፈኑ ያው ዘፈን ሆኖ ይቀራል ወይ? አብረውት የሠሩት ሰዎች መልሰው ይፈልጉታል ወይ? ከኋላው የመጡት ከበሮ የያዙት በእሱ ምክንያት ነው ወይ?

የመጀመሪያውን ጥያቄ በዘፈን እንመልስ። «ከም ቱጌዘር» (1969) ገና ጆን ሌነን አፉን ሳይሞላ የሚታወቀው በምኑ ነው? በቤዝ ጊታሩና ከሥሩ በሚንከባለለው የሪንጎ ምት ነው። በዚያ ሰሞን ሪንጎ ከበሮዎቹ ላይ የዕቃ ማድረቂያ ፎጣ እየጣለ ድምፃቸውን ያፍን ነበር። ልብ በሉልኝ፤ ሌላው ድራመር ድምፁ እንዲጎላ ሲታገል ይሄኛው ዘፈኑ እንዲያምር የራሱን ድምፅ ያፍናል! «ቱሞሮው ኔቨር ኖውስ» (1966) ላይ መሐንዲሱ ጄፍ ኤመሪክ ትልቁ ከበሮ ውስጥ የሱፍ ሹራብ ጨምሮ ማይክሮፎኑን አስጠጋ። ሪንጎም ያንኑ አንድ ምት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያዛንፍ መታው። ዘፈኑ ሰውን የሚያፈዝ ነገር የሆነው በዚያ ነው። በዚያው ዓመት የወጣውን «ሬይን» ደግሞ ሪንጎ ራሱ ምርጥ ሥራዬ ይለዋል፤ እኔም አልቃወመውም።

ውስብስብ ለሚወዱ ደግሞ አንድ ስጦታ አለኝ። «ኦል ዩ ኒድ ኢዝ ላቭ» (1967)ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ሽማግሌው አብሮ ያንጎራጉረዋል። ስንኞቹን በጣታችሁ ቁጠሩ። እንደ ተለመደው ዘፈን በ4 አይሄዱም። በ7 ይሄዳሉ፣ መሀል ላይ አንድ ጊዜ 8 ይገባል፣ ዝማሬው ላይ ሲደርስ ወደ 4 ይዞራል። ሲዘምሩት ያደናቀፈው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ራሽ «ቶም ሶየር» (1981) መሀል ላይ በ7 ሲመታ አድናቂዎቹ በኩራት ይቆጥሩልናል። ሪንጎ ሲመታው ግን ማንም አልቆጠረም፤ መቁጠር እንዳያስፈልግ አድርጎ ስለያዘው።

ሌላም ነገር አለ። ሪንጎ ግራኝ ነው፤ የሚመታው ግን ለቀኝ እጅ በተደረደረ ከበሮ ላይ ነው። ሌላው ድራመር በቀኙ ጀምሮ በከበሮዎቹ ላይ የሚወርደውን እሱ በግራው ይጀምረዋል። ስለዚህ በስንኝና በስንኝ መሀል የሚያስገባቸው አጫጭር ምቶች ትንሽ ዘግይተው፣ ትንሽ ተንገዳግደው፣ ካልተጠበቀ ጎን ይመጣሉ። «ኤ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ» (1967)ን ስሙት፤ ከበሮው ከዘፋኙ ጋር የሚነጋገር ይመስላል። ሌላ ሰው ያንን ለመኮረጅ የሚቸገረው ስለፈጠነ ሳይሆን አካሄዱ የራሱ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ባልደረቦቹስ? በኦገስት 1968 ሪንጎ ነጩ አልበም እየተቀዳ ሳለ «ደህና እየመታሁ አይደለም፣ የምትፈልጉኝም አይመስለኝም» ብሎ ባንዱን ጥሎ ሄደ። ፖል ማካርትኒ ከበሮው ላይ ተቀመጠና «ባክ ኢን ዘ ዩ.ኤስ.ኤስ.አር.»ን እና «ዲር ፕሩደንስ»ን ቀዱ። ከዚያስ? ሪንጎ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ በዓለም ምርጡ የሮክ ድራመር አንተ ነህ፣ ተመለስ የሚል ቴሌግራም ደረሰው። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሲመለስ ከበሮው በአበባ ተሸፍኖ ጠበቀው።

«እሱማ ጓደኝነት ነው» የሚል ካለ ቀጥሎ የሆነውን ይስማ። ቢትልስ ተበተነ፤ ማካርትኒ በ1970 መጨረሻ ሦስቱን ባልደረቦቹን ፍርድ ቤት ከሰሰ። ሰዎቹ ዓይንና ናጫ ሆኑ። ሆኖም ሌነን በ1970 የመጀመሪያውን የብቻ የዘፈን አልበሙን ሲሠራ ከበሮ ላይ ያስቀመጠው ሪንጎን ነው። ጆርጅ ሃሪሰን በዚያው ዓመት «ኦል ቲንግስ መስት ፓስ»ን ሲሠራ ሪንጎን ጠራ። ማካርትኒም በ1982 «ታግ ኦፍ ዎር» በሚለው አልበሙ ላይ ሪንጎን አስመታው። በገንዘብ፣ በዝናና በቂም የተለያዩ ሦስት ሰዎች፣ የፈለጉትን ድራመር መቅጠር እየቻሉ፣ ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞሩ። ሌድ ዜፕሊን ያለ ቦንሃም አልሠራም ማለቱን አከብራለሁ። ለሪንጎ ግን ሦስት ምስክር አለኝ፤ ሦስቱም እርስ በርሳቸው የተጣሉ!

ሦስተኛው፦ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 ቢትልስ በአሜሪካ «ኤድ ሱሊቫን ሾው» ላይ ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ያህል ሰው አያቸው። ከተመልካቾቹ መሀል ዱላ ያነሳው ልጅ ብዙ ነው።  ከዚያ በፊት ድራመር ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ነበር፤ ሪንጎ ልጆች ከኋላ መቀመጥን እንዲመኙ አደረገ።

አሁን ተቃውሞዎቹን ላንሳ። «ሌነን ራሱ ሪንጎ ከቢትልስ ውስጥ እንኳን ምርጡ ድራመር አይደለም ብሏል» የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉን! የቢትልስን ታሪክ በጥልቀት ያጠናው ማርክ ሉዊሰን ቀልዱን ተከታትሎ ያገኘው በ1981 የቢቢሲ ሬዲዮ የቀልድ ዝግጅት ላይ ነው። ሌነን የተገደለው በ1980 ነው። ሰው ከሞተ በኋላ አፉ ውስጥ ቃል መጨመር ነውር ነው። «‹ላቭ ሚ ዱ› ሲቀዳ ሌላ ድራመር አስመጥተውበታል» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ በሴፕቴምበር 1962፣ ባንዱን ከተቀላቀለ ወር ሳይሞላው አንዲ ዋይት ተጠርቶ ሪንጎ ታምቡሪን ይዞ ቆሟል። ግን መጀመሪያ በሸክላ ታትሞ የተሸጠው የሪንጎ ምት ያለበት ቅጂ ነው። «ዕድለኛ ነው» ትላላችሁ። ቢትልስ ግን ፒት ቤስትን አሰናብተው እሱን ያመጡት ከሊቨርፑል ባንዶች መርጠው ነው።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ «በአንቺ ሚዛንማ ታላቁ ቻርሊ ዋትስ ነው።» ይሄ የሚከበር ተቃውሞ ነው። ዋትስ ከ1963 ጀምሮ በ2021 እስኪሞት ድረስ ሮሊንግ ስቶንስን በትንሽ ከበሮ ተሸክሟል። 2ኛ አድርጌ በደስታ አስቀምጠዋለሁ። ሪንጎን የማስቀድመው ዋትስ አንድን ቤት ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ፣ ሪንጎ በ8 ዓመት ውስጥ በየዘፈኑ አዲስ ቤት ስለያዘ ነው። ሮክ ኤንድ ሮል፣ የገጠር ዘፈን፣ የሕንድ ቃና፣ ጩኸት፣ እሹሩሩ... ሁሉም ጋ ጣሪያው አልፈሰሰም።

ይህ ሁሉ ሙግት ለአንድ ፈረንጅ ድራመር ነው? አይደለም። የተንሻፈፈው ሚዛን ሰው ይጎዳል። ሞ ታከር ቬልቬት አንደርግራውንድ ውስጥ ቆማ፣ ትልቁን ከበሮ አጋድማ ስትመታ የባንዱን ድምፅ የባንዱ ያደረገችው እሷ ናት፤ ዝርዝር ሲወጣ ግን «ቴክኒክ የላትም» ትባላለች። ሜግ ዋይት «ሰቨን ኔሽን አርሚ» (2003) ላይ የመታችው ምት በየስታዲየሙ ከሚዘመረው ዜማ ሥር ያለው ነው። ሆኖም በ2023 እንኳ ኢንተርኔት ላይ መሳለቂያ አድርገዋት ነበር፤ ባንዷ ከተበተነ 12 ዓመት በኋላ! ቀላል ነገር በትክክል መሥራት እንደ አለማወቅ ሲቆጠር፣ መጀመሪያ ከዝርዝር የሚወጡት እንዲህ ያሉት ናቸው።

ጋዜጠኝነት ተምሬ ሥራ የጀመርኩበት አንድ የዜና ክፍል ውስጥም ይህንኑ ሚዛን አይቻለሁ። የሁላችንንም ዜና የሚያርሙ፣ የተሳሳተ ቁጥር የሚይዙ፣ ርዕስ የሚያቃኑ አንድ አንጋፋ አርታኢ ነበሩ። ስማቸው አንድም ቀን አልታተመም። ምስጋና ሲደርስ የሚጠራው ስብሰባ ላይ ድምፁ ጎላ ያለው ነበር። እሳቸው ሲታመሙ ግን ጋዜጣው በስህተት ተሞላ፤ ያኔ ሁሉም «ምን ሆንን?» ማለት ጀመረ። ምሰሶ የሚታወቀው ጣሪያው ሲዘም ነው። እኛ ደግሞ ጣሪያው እስኪዘም መጠበቅ ልማዳችን ሆኗል፤ በመሥሪያ ቤትም፣ በቤትም።

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላሉ አባቶች። ቀላል ነው የምትሉ ሁሉ ዱላ አንሱና «ሬይን»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምቱት። ከዚያ በኋላም ቦንሃም ይበልጣል ካላችሁ ክርክሩን በደስታ እቀጥላለሁ። እስከዚያው ግን ካርዱን መልሱልኝ፤ 14ኛ የሚለው ተሰርዞ 1ኛ ይጻፍበት።