የወረታ የሩዝ ገለፈትና እሳት የሚችል ብረታ ብረት

ከፍተኛ ሙቀት ስለሚችሉ የብረታ ብረት ዓይነቶች በክፍል ስንማር አብዛኞቻችን ይዘን የምንወጣው የመቅለጫቸውን ቁጥር ብቻ ነው። ብረት በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ሞሊብዲነም በ2623፣ ታንታለም በ3017፣ ቶንግስተን በ3422። ቁጥሩን የሸመደደ ፈተናውን ያልፋል፤ ነገሩ ግን በዚህ አያልቅም።

ሞሊብዲነም ከአየር ጋር ሆኖ ከ700 ዲግሪ በላይ ሲግል ኦክሳይዱ እንደ ጢስ እየተነነ ያልቃል። ጥቂት ቲታኒየምና ዚርኮኒየም ቢቀላቀልበት ግሎም በቀላሉ አይለመጥም፤ ከአየር ግን አይድንም። ስለዚህ ባለሙያዎች በሲሊኮን ይለብጡታል። ሽፋኑ ሲግል ቀጭን የሲሊካ መስታወት ያወጣና አየሩን ይከለክላል። እንግዲህ ብርቱውም ብረት ከእሳት የሚያድነው ልብስ ያሻዋል ማለት ነው። የአገራችን ቀጥቃጭ ይህን ከጥንት ያውቀዋል፤ ከወናፉ ጫፍ እሳት ውስጥ የሚያስገባው ሸክላ ነውና።

ሲሊካ ደግሞ ለፎገራ እንግዳ አይደለም። የሩዝ ገለፈት ሲቃጠል ከክብደቱ አምስት እጅ አንዱ ያህል አመድ ይሆናል፤ ከአመዱም በመቶ ከ85 እስከ 95 የሚደርሰው ሲሊካ ነው። በወረታ ከሩዝ መፈልፈያዎች የሚወጣው ገለፈት ይኸው ነው። ከአመዱ ሲሊኮን አውጥቶ ብረት መለበጥ ረጅም ሥራ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን በውጭ አገር የብረት ፋብሪካዎች አመዱን እንዳለ በቀለጠ ብረት ላይ ነስንሰው ሙቀቱ እንዳያመልጥ ይከድኑበታል፤ ሙቀት የሚከላከል ጡብም ይሠራበታል። ከመጠን በላይ በጋለ እሳት የተቃጠለው አመድ ግን ብናኙ ሳንባ ስለሚጎዳ፣ አቃጠሉ ጥንቃቄና ዕውቀት ይጠይቃል።

አገራችን ከቀንጢቻ ያወጣችውን የታንታለም ማዕድን ሳታነጥር ለውጭ ገበያ ስትሸጥ ኖራለች። በማዕድኑ የደረሰው በገለፈቱ እንዳይደገም እንሠጋለን።

በወረታ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ በደብረ ታቦርና በባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ስለዚህ የኬሚስትሪና የኢንጂኔሪንግ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ለመመረቂያ ጥናታችሁ ርእስ ስትፈልጉ አንድ ጆንያ ገለፈት ወደ ላቦራቶሪ አምጡ። በስንት ዲግሪ ቢቃጠል እንደሚሻል፣ ከአካባቢው ሸክላ ጋር ቢቦካ ስንት ዲግሪ እንደሚችል ለኩ። ውጤቱን ለመፈልፈያ ባለቤቶችና ለገበሬው በሚገባው ቋንቋ ንገሩ። በገበሬው ግብር የተማረ ሰው ከገበሬው ደጅ ያለውን ሀብት መርምሮ ዋጋውን ቢያስታውቅ ዕዳውን በጥቂቱ ከፈለ እንላለን።