የጓሯችን በረካ



ውድ አንባቢያን፣ ስለ ጓሮ አትክልት ሲነሣ ደገኛው ብርዱን፣ ቆለኛው ሙቀቱን ሲያማርር እንሰማለን። ለመሆኑ ጥፋቱ የአየሩ ነው ወይስ የምርጫችን?

አላህ (ሱ.ወ.) ለየምድሩ የሚስማማውን ቡቃያ ሰጥቶታል። ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ደሴ ፓፓያ ተክሎ ፍሬ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሥር ግን ቅዝቃዜው ይስማማቸዋል። የደጋ ጓሮ ጠላቱ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ነው። ለጋ ችግኞችን ማታ በሣር ሸፍኖ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መግለጥ ይጠቅማል።

ወደ 1200 ሜትር ዝቅ ባለችው ድሬዳዋ ደግሞ ፓፓያ፣ ሎሚና ማንጎ ያምራሉ። እዚያ ፈተናው ውኃ ነው። በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማጠጣትና የተክሉን ዙሪያ በገለባ መሸፈን እርጥበቱን ያቆያል። የውዱእ ውኃችንንም በሳፋ ተቀብለን ለተክሉ ብናውለው ከብክነት እንድናለን። ጓሮ የሌለን የቤት ተከራዮችም ብንሆን ታችኛው በተበሳ አሮጌ ባልዲ ቃሪያና በሶብላ ማብቀል አያቅተንም።

ይሁንና ከአዝመራው ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ጉዳይ አለ። ፓፓያው ሲበስል ለልጆቻችን ድንጋይ አስይዘን ወፍ እንዲያባርሩ እናዛለን። የጎረቤት ልጅ አንዲት ሎሚ ካነሣም ግቢው በጩኸት ይናጣል። የለፉበትን መጠበቅ ነውር አይደለም። ነገር ግን ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ለተከለው ሰው ሶደቃ እንደሚሆንለት ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ታዲያ ወፏ የቀመሰችው ኪሳራችን ነው ወይስ ትርፋችን? ልጆቻችን ይህን ከእኛ ካልተማሩ ከማን ይማሩታል?

እናቶችና አባቶች ሆይ! ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ የሆነ አንድ ተክል እንስጠው። እሱው ያጠጣው፣ እሱው ይኮትኩተው። ሲደርስም የመጀመሪያዋን እፍኝ በገዛ እጁ ለጎረቤት ያድርስ። ጎረቤቱ ሙስሊም ሆነም አልሆነ የጉርብትና ሐቅ አለው። ንፉግነት ከልጅነት ካልተነቀለ እንደ አረም ሥር ይሰድዳልና።

አላህ የዘራነውን ይባርክልን፤ እጃችንንም ለመስጠት ይዘርጋልን። አሚን!