ለእንቁጣጣሽ ብላችሁ በረንዳውን አትቀቡት

ነሐሴ ሊያልቅ ነው። ቀለም መሸጫዎች ደጅ ሰው መብዛት ጀምሯል፤ ሰፈር ውስጥም ቆርቆሮ ቀለምና ብሩሽ ይዞ የሚንጎራደድ ጎረምሳ በየቤቱ ታያላችሁ። በዓል ነው፣ ቤት ይመር ማለት ደግ ነው። የውስጡን ግድግዳ ቀቡት፣ አልጋውንም ቀቡት ከፈለጋችሁ። የውጪውን እንጨት ግን፣ የበረንዳውን፣ የመስኮቱን፣ የጣሪያውን ጠርዝ፣ እባካችሁ እስከ ኅዳር ተዉት።

ምክንያቱን ላስረዳ። (ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ ልጆች "አሁንም ክፍል ገባን እንዴ?" እንዳትሉ። አዎ፣ ገብታችኋል።) ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ የሚያመላልስባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ዛይለም ያልናቸው፣ ተሰንጥቆ ጣውላ ከሆነ በኋላም እዚያው አሉ። በጎኑ ውሃ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ በተቆረጠው ጫፉ በኩል ግን ይመጠዋል። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው። ስለዚህ ጳጉሜን ላይ ያለ የበረንዳ እንጨት ውሃ የጠገበ ነው። በላዩ ላይ ዘይት ቀለም ስትለቀልቁበት ውሃውን ቆለፋችሁበት ማለት ነው። ጥቅምት ላይ ፀሐይዋ ስትመታው ውሃው መውጫ ፍለጋ ቀለሙን ያሳብጠዋል፤ ለገና ሳይደርስ ይላጣል። ይሄ የሚታየው ነው። የማይታየው ይብሳል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ላይ አብስባሽ ፈንገስ አያድግም፤ የታፈነ እርጥብ እንጨት ግን ለፈንገሱ የተደገሰ ድግስ ነው። ከላይ የሚያብረቀርቅ ቡናማ፣ ከስር ፍርፋሪ።

"እና ምን ይሁን፣ እንጨት ነው፣ ሲበሰብስ ይቀየራል" የሚል አይጠፋም። በምን ይቀየራል? በየአሮጌው ሰፈር የቀሩት፣ ከታች ድንጋይ ከላይ እንጨት የሆኑት ባለ በረንዳ ቤቶች፣ የሕንድና የአርመን አናጢዎች እጅ ያለባቸው፣ የተሠሩበት ጥድና ዝግባ ዛሬ ገበያ ላይ እንደልብ የሚገኝ አይደለም። ጥድ በተፈጥሮው ምስጥንም ብስባሴንም የሚቋቋም እንጨት ነው። እሱን ነቅለው በምትኩ ገና ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ይመቱበታል፤ በዓመቱ ተጣሞ ተሰንጥቆ ታገኙታላችሁ። ወይም የብረት ዘንግ ይበየድበታል፣ ያው አለቀ።

ሌላም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከዶሮ ማነቂያ ስንት ቤት እንደሄደ አይታችኋል። አሮጌ ቤት እንዲፈርስ የሚቀርበውን ምክንያት እናውቀዋለን፤ "አርጅቷል፣ አደገኛ ነው"። ያዘነበለ በረንዳ ለዚህ ቃል ዋናው ምስክር ነው። ልጆች የሚደገፉት መከታ በስብሶ ሲወዛወዝ "አደገኛ ነው" ያለውን ሰው ውሸታም ልትሉት አትችሉም። ለዚህ ነው ነገሩ የቀለም ወሬ ብቻ ያልሆነብኝ።

አሁን የሚሠራው ሥራ ቀለም ሳይሆን ውሃ ማባረር ነው። አሸንዳውን ጥረጉ። ከዓመት ዓመት ቅጠል ሞልቶት ዝናቡ በጣውላው ላይ ነው የሚወርደው፤ ግማሹ ችግር እዚያ ነው ብል ማጋነን አይደለም። የተበሳ ቆርቆሮ ድፈኑ። ምሰሶው እግር ሥር የተከመረ አፈር ካለ ዛቁት። "እንዲጠነክር" ተብሎ የምሰሶ እግር በሲሚንቶ የሚታሸግበት ነገር ደግሞ አለ፤ ውሃው በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል። የድሮ ሰዎች ምሰሶን ድንጋይ ላይ ያቆሙት በነበር ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወስፌ አምጡ። የእናታችሁ የስፌት ወስፌ ይበቃል። የምሰሶውን እግርና የጣውላውን ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት። ካልገባ ጤነኛ ነው፤ እንደ ዳቦ ከገባ አናጢ ጥሩና የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ ይቀጥልላችሁ። ሙሉውን ምሰሶ አያስነቅላችሁ።

መስከረም ሲጋመስ፣ ፀሐይ ሲወጣ፣ እጠቡት። ለብ ያለ ውሃ፣ ኦሞ፣ የፕላስቲክ ብሩሽ። የጠቆረ ሻጋታ ካለ አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ፤ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ። በጎማ በኃይል መርጨት አያስፈልግም፣ ውሃውን መልሳችሁ ማስገባት ነው። ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ ስድስት ሳምንት ፀሐይ ይምታው።

ኅዳር ላይ የላላውን ቀለም ፋቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። የቆየ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል እያረጠባችሁ ፈግፍጉ፣ ልጆችም አይጠጉ። ያረጠባችሁት እንደገና እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ስጡት። የምትቀቡትን ስሱ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ፣ የተቆረጡትን ጫፎች ግን ሦስት ጊዜ። ከ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ ፀሐያችን ጨካኝ ናት፣ እንጨቱን ግራጫ የምታደርገው ሊግኒኑን እየሰባበረች ነው። ቀለም የገባበት መቀቢያ ከጥርት ያለ ቫርኒሽ የበለጠ የሚያስጠልለው ለዚህ ነው።

የተቃጠለ የሞተር ዘይትስ? ብዙ ሰው ለምስጥ ብሎ ይቀባዋል። ለአጥር እንጨት እንኳን አልወደውም፤ ለቤት ግን በፍጹም። አይደርቅም፣ ልብስና እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ከሞተር ያመጣውን የብረት ቆሻሻ ይዞ አፈር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ቀለም አይዝም። እሳት ከያዘውማ… ጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል ላይ የደረሰውን ቃጠሎ የምታስታውሱ፣ አሮጌ እንጨት ላይ ዘይት መጨመር ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። የተልባ ዘይት ሌላ ነው፤ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይደርቃል፣ ጥሬው ግን ሳምንታት ይፈጅበታል። የቀባችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ፣ በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል፤ ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት።

የቀበሌ ቤት ውስጥ ያላችሁ "የኔ ያልሆነውን ለምን ላድስ" እንደምትሉ አውቃለሁ። ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የእነዚህ ቤቶች ትልቁ በሽታ ይሄው ነው፤ ተከራዩ "የመንግሥት ነው" ይላል፣ አከራዩ በዚያች ኪራይ ምስማርም አይገዛም። እድሳት ፈቃድ ይጠይቃል፣ እሱም ያለው ጣጣ ይታወቃል። አሸንዳ ለመጥረግና እንጨት ለማጠብ ግን ማንም ደብዳቤ አይጠይቃችሁም። የግቢው ሰው በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰዋል።

በተረፈ ወስፌው የት ድረስ እንደገባ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። አናጢ ባልሆንም አንድ ጎበዝ አናጢ አውቃለሁ፣ አሳየዋለሁ።