ቅርጹ ተቀዳ፤ ውስጡስ?

በአገራችን የማሽን መለዋወጫ ሲታጣ የተለመደው መፍትሔ የተበላውን ዕቃ ይዞ ወደ ብረት ማቅለጫና ወደ ቶርኖ ቤት መሄድ ነው። ባለሙያው በካሊፐር ይለካል፣ የእንጨት ሞዴል ያዘጋጃል፣ ብረቱን አቅልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ያፈሳል፣ በመጨረሻም በቶርኖ ያስተካክለዋል። አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው ጋር ቁርጥ አንድ ይሆናል፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የአሮጌውን ዕድሜ ሩብ እንኳ ሳያገለግል ይበላል። ያን ጊዜ «ብረቱ አይረባም» ይባላል። እኛ ይህ ፍርድ የቸኮለ ነው እንላለን። የተቀዳው ቅርጹ ነውና፤ ብረቱ ያለፈበትን ሙቀት ማንም አልቀዳም።

በየጋራዡ «ጊዛ» የሚባለው ካስት አይረን ከ2 እስከ 4 በመቶ ገደማ ካርቦን የያዘ ብረት ነው። ባሕርዩን በእጅጉ የሚወስነው ይህ ካርቦን የሚይዘው መልክ ነው። የቀለጠው ብረት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ፣ ሲሊከንም ሲያግዘው፣ ካርቦኑ እንደ ስስ ቅጠል ባለ ግራፋይት መልክ ይለያል፤ ይህ ግራጫ ጊዛ ነው። በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ግን ካርቦኑ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ሲመንታይት የተባለ እጅግ ጠንካራና ተሰባሪ ውሁድ ይፈጥራል፤ የስብራቱ ገጽ ስለሚነጣ ነጭ ጊዛ ተብሏል። አንዱ ዕቃ ስስ ጠርዙ ነጭ፣ ወፍራም መሐሉ ግራጫ ሊሆንም ይችላል። ካሊፐር ይህን አያይም።

ቋንቋችንም እዚህ ላይ ጥቂት ያሳስተናል። አለመጫርንም አለመሰበርንም «ጥንካሬ» በሚል አንድ ቃል እንጠራለን፤ መስታወት ግን በሚስማር በቀላሉ አይጫርም፣ በአንድ ምት ግን ይደቃል። መበላትም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ፒስተን በሚንሸራተትበት የሞተር ሲሊንደር ውስጥ ግራፋይቱ ራሱ ማለስለሻ ስለሚሆን ግራጫው ጊዛ ይመረጣል። አሸዋና ድንጋይ የሚፍቀው ዕቃ ሒሳቡ ሌላ ነው። በአሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በቪከርስ መለኪያ ጥንካሬው 1000 ገደማ ሲሆን፣ ሲመንታይትም ከዚያው አካባቢ ስለሆነ ከኳርትዝ ብዙ አይበልጥም። ከ12 በመቶ በላይ ክሮሚየም ሲጨመር የሚፈጠሩት ካርባይዶች ግን ከ1200 እስከ 1800 ስለሚደርሱ ኳርትዝ ሊጭራቸው አይችልም። የሲሚንቶ ወፍጮ ኳሶች ብዙ ጊዜ ከዚህ ዓይነት ጊዛ የሚሠሩት ስለዚህ ነው።

ይሁንና ክሮሚየም መጨመር ብቻውን አይበቃም። ካርባይዶቹን አቅፎ የያዘው ብረት ለስላሳ ከሆነ አሸዋው እርሱን እየበላ ካርባይዶቹን እንደ ላላ ጥርስ ይነቅላቸዋል። «ሂት ትሪትመንት» የሚባለው ሥራ የሚገባው እዚህ ነው። ዕቃው 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ለሰዓታት ይቆይና በአየር ይቀዘቅዛል፤ አቃፊው ብረትም ወደ ማርተንሳይት፣ ማለትም ወደ ጠንካራ የውስጥ አሠራር ይለወጣል። ከዚያም ውጥረቱ እንዲቀንስ በ200 እና በ250 ዲግሪ መካከል እንደገና ይሞቃል። ቀጥቃጭ የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ እንደሚነክረው ቢነከር ግን ሊሰነጠቅ ይችላል።

ግራፋይቱን ክብ ማድረግም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1948 ይፋ በሆነው ዘዴ ጥቂት ማግኒዥየም ወይም ሴሪየም ተጨምሮበት የተገኘው ጊዛ ለስብራት እጅግ የማይመች ነው። ይህ ጊዛ ከጋለ በኋላ ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ባለው የቀለጠ ጨው ውስጥ ሲቆይ ለማርሽ የሚበቃ ይሆናል፤ የጨው ሙቀቱ ሲቀንስ መበላትን ይበልጥ ይቋቋማል፣ ሲጨምር ደግሞ ምትን ይችላል።

የምድጃ ሰዓት ነዳጅና መብራት ይፈጃል፤ ደንበኛው ርካሽ ዕቃ ይፈልጋል የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ዋጋው በኪሎ ሳይሆን ባገለገለበት ሰዓት ቢሰላ፣ ወፍጮው የቆመበትም ቀን ቢቆጠር፣ ርካሹ የትኛው እንደሆነ ይታያል።

ስለዚህ ማንኛውም የሚቀዳ ዕቃ፣ ሞዴሉ ከመሠራቱ አስቀድሞ፣ አንድ ቁራጭ ተቆርጦለት በማይክሮስኮፕ ይታይ እንላለን። የሚያስፈልገው ደረጃ በደረጃ የሚልም የብርጭቆ ወረቀት፣ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ የተጨመረበት አልኮልና ብርሃኑ ከላይ የሚወርድ ማይክሮስኮፕ ነው፤ የባዮሎጂው ብርሃን ከሥር ስለሚመጣ ለብረት አይሆንም። ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ የሚያጡ ተማሪዎች በየአካባቢያቸው የተጣለውን የተበላ ዕቃ ያንሡ። ገዢውም ድርጅት ከሥዕሉ ጋር ሦስት ጥያቄ ያቅርብ፦ በስንት ዲግሪ ጋለ? ስንት ሰዓት ቆየ? በምን ቀዘቀዘ?