የማይሉ ጌታ ማን ነው?

ዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ የሚበርሩ መንገደኞች ሰልፍ ከሩቅ ይታወቃል። ሚዛኑ ከ23 ኪሎ በላይ ሲያሳይ ሻንጣ ወለሉ ላይ ይከፈታል፤ ጫማው ወደ እጅ ቦርሳ ይዛወራል፣ ሽቶው ለሸኚ ይመለሳል። ከዚያው ሰልፍ አንዱ ግን ተጨማሪ ሻንጣውን ያለ ክፍያ አስጭኖ ያልፋል። ስታር አላያንስ በተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ጎልድ የሚባለው የአባልነት ደረጃ አንድ ትርፍ ሻንጣ፣ ሻንጣ በክብደት በሚታሰብበት መስመር ደግሞ 20 ኪሎ ይጨምርለታል።

ይህ ደረጃ የሚገኘው በበረራ ብዛት ነው፤ በረራው ነፃ ትኬት ወደሚያስገኝ ማይል ተቆጥሮ የሚመዘገበው ግን የአባልነት ቁጥር ላስገባ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 7 ሺህ ማይል ገደማ ይርቃል። አራት ነፍስ ይዞ ደርሶ መልስ የሚበርር ቤተሰብ፣ ትኬቱን የቆረጠለት ወኪል ቁጥሩን ሳይጠይቀው ስለቀረ ብቻ ያን ሁሉ ማይል ሜዳ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ወኪሎች የፓስፖርት ቁጥር ሲጠይቁ ይህንንም አብረው ቢጠይቁ ምን ይከብዳቸዋል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስታር አላያንስን የተቀላቀለው በታኅሣሥ 2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ በርሮ ማይሉን በዩናይትድ ወይም በሉፍታንዛ መዝገብ ማስያዝ ይቻላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ኅብረቱ የጋራ ካዝና ይመስላቸዋል። የኢትዮጵያ መዝገብ በሆነው በሼባማይልስ የተጠራቀመውን ወደ ዩናይትድ አዛውሩልኝ ቢሉ የሚያዛውር የለም። የሚፈቀደው በአንዱ ማይል የሌላውን መቀመጫ መውሰድ ነው። ስለዚህ ሦስት ቦታ በትኖ ከማስቀመጥ አንዱን መዝገብ መርጦ መጽናት ይሻላል።

ምርጫው ላይም ጥንቃቄ ያሻል። ትኬቱ ላይ የሰፈረችው አንዲት ፊደል የዋጋውን ደረጃ ትናገራለች፤ ርካሽ ትኬት በአንዱ መዝገብ ግማሽ ማይል ሲያስገኝ በሌላው ባዶ ሊሆን ይችላል። ዩናይትድ ደግሞ ለደረጃ ዕድገት በራሱ አውሮፕላን ቢያንስ አራት በረራ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚመላለስ የቨርጂኒያ ነዋሪ በዩናይትድ መዝገብ ለዓመታት ቢያጠራቅምም ይህን ካላሟላ ጎልድ አይሆንም።

ከሁሉ የሚከነክነው ግን ደንቡን የሚያወጣውም የሚሽረውም አየር መንገዱ ብቻ መሆኑ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 የማይል መርሐ ግብሩን ሲጀምር ስሌቱ በርቀት ነበር። በ2015 ዴልታና ዩናይትድ ስሌቱን ወደ ተከፈለው ገንዘብ አዞሩት። ዴልታ በዚያው ዓመት፣ ዩናይትድ በ2019 የነፃ ትኬትን ዋጋ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ አነሡ። የስካንዲኔቪያው ኤስኤኤስ ከስታር አላያንስ ወጥቶ በመስከረም 2024 ተፎካካሪውን ኅብረት ስካይቲምን ሲቀላቀል፣ የስቶክሆልሙ ሐበሻ በኤስኤኤስ ያገኘው የጎልድ ካርድ በኢትዮጵያ አውሮፕላን ትርፍ ሻንጣ ማስጫኑ አከተመ።

ለመንገደኛው «ስጦታ» የሚባለው ይህ ነገር ለባንክ ሲቀርብ ስሙ ይለወጣል። ዩናይትድ በወረርሽኙ ወቅት፣ በ2020፣ የማይል መርሐ ግብሩን አስይዞ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበድሯል፤ የመርሐ ግብሩ ግምት 22 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ያን ያህል የሚያወጣ ሀብት ከሆነ፣ ባለ ማይሉ የዋጋ ለውጥ ከመደረጉ ከወራት በፊት ሊነገረው ይገባል። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በመስከረም 2024 አራት ትልልቅ አየር መንገዶችን ስለዚሁ አሠራር መረጃ እንዲያቀርቡ መጠየቁ ተገቢ ነበር።

ደንቡ እስኪስተካከል ማይል አጠራቅሞ ማቆየት ኪሳራ ነው፤ ለአንድ ነፃ ትኬት ሲደርስ ቶሎ መጠቀም ይበጃል። ቁጥሩን ሳያስገባ የበረረም ቢሆን ጊዜው ሳያልፍ ማመልከት ይችላል። ለዚህ ግን የትኬት ቁጥሩንና ብዙ ሰው አዲስ አበባ እንደ ደረሰ ቀዶ የሚጥላትን የመሳፈሪያ ካርድ ሊጠየቅ ይችላል።