ከትኬቱ በፊት ናሙናው

በቴሌግራም የሚዞሩትን የእርዳታ ጥሪዎች ታውቋቸዋላችሁ። ፎቶ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ «ውጭ ሄዶ መታከም አለበት» የሚል መስመር። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው የፓቶሎጂ ውጤት ነው። አንዳንዱ ላይ ያለው ግን የሲቲ ስካን ወረቀት ብቻ ነው።

በተለይ ዕጢው ቆሽት ላይ ሲሆን ነገሩ ያሳስበኛል። የቆሽት ካንሰር ስሙ ራሱ ወገብ ይቆርጣል (ድሮም «ቆሽቴ አረረ» የምንለው ለደስታ አይደለም)። አሜሪካ ውስጥ እንኳን ከ100 ታማሚዎች አምስት ዓመት የሚሻገሩት 13 ያህሉ ናቸው። ስለዚህ ቤተሰብ ወይ እጅ ይሰጣል፣ ወይ ቤት ለመሸጥ ይሮጣል።

ግን ቆሽት ላይ የታየ ዕጢ ሁሉ ያው የምንፈራው ካንሰር አይደለም። ከ100 አንድ የማይሞላው ከዚያው ከቆሽት የጀመረ ሊምፎማ ነው፤ ማለትም ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ የደም ካንሰር። አልፎ አልፎ ማይሎማና ሉኬሚያም እዚያ ዕጢ ይሠራሉ። ስካን ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፣ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ለተለመደው የቆሽት ካንሰር፣ ካልተሰራጨ፣ ዋናው ተስፋ ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው። ሊምፎማ ግን የሚታከመው በኬሞና እንደ ሪቱክሲማብ ባሉ መድኃኒቶች ነው፤ ኃይለኛ ከሚባሉት ዓይነቶች በጣም የተለመደው እንኳን ከግማሽ በላይ ታካሚዎች ይድኑበታል።

ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2005 ስታንፎርድ ላይ ስለ ራሱ ሲናገር፣ ጠዋት ስካኑን ያዩ ሐኪሞች የቀሩህ ወራት ናቸው ብለውት ነበር። ማታ በመርፌ ናሙና ሲወሰድ ዕጢው በቀዶ ሕክምና የሚታከም ብርቅ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። የሱ የደም ካንሰር አልነበረም፣ በ2011ም አርፏል። ግን ያን ቀን ነገሩን የገለበጠችው መርፌዋ ናት። ኢኮኖሚክስ ላይ የመረጃ ዋጋ የሚለካው ውሳኔ በመቀየር አቅሙ ነው የሚባለው ይኸው ነው።

ሁሉም ይወጋ እያልኩ አይደለም። ምስሉ የተለመደውን ካንሰር ከመሰለና ዕጢው ሊወጣ የሚችል ከሆነ ሐኪሞች ቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና መሄዳቸው ምክንያት አለው። ዕጢው ትልቅ ሆኖ ዓይን ቢጫ ካልሆነ፣ ሌላ ቦታ ንፍፊት ካለ፣ ሌሊት ላብ ካጠመቀ ግን «ሊምፎማ ይሆን እንዴ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አንገት ላይ ካበጠ ንፍፊት ናሙና መውሰድ እኮ ከቆሽት ይቀላል። ደግሞ ከናሙናው በፊት ስቴሮይድ መጀመር ሊምፎማውን ሊደብቀው ይችላል፤ ይሄንንም ጠይቁ።

ሊምፎማን በትክክል ለመለየት ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ የሚባል ልዩ ማቅለሚያ ያስፈልጋል። እዚህ ካልተገኘ በፓራፊን የተቀመጠችውን ትንሽ ናሙና ውጭ ልኮ ማስመርመር ይቻላል። ለናሙናዋ ቪዛም አልጋም አያስፈልጋትም። የመጀመሪያው ብር ለዚያ ቢሰበሰብ እኔም ሼር አደርጋለሁ።