«የስንት ቀን መንገድ ነው?»



አባቶቻችን ስለ አንድ አገር ርቀት ሲጠያየቁ «ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?» አይሉም ነበር፤ ጥያቄያቸው «የስንት ቀን መንገድ ነው?» የሚል ነበር። ይህን አነጋገር የመለኪያ እጦት ያመጣው ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከካርታ ትምህርታችን የጎደለው ይኸው ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁና ምክንያቴን በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ለምሳሌ አዲስ አበባንና ባሕር ዳርን እንውሰድ። በካርታ ላይ ማስመሪያ ቢያጋድሙ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደብረ ማርቆስ በኩል የሚሄደው የመኪና መንገድ ግን 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ከየት መጣ ቢሉ፣ አይሮፕላንን ተራራና ገደል አያግደውም፤ መኪና ግን ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮም እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል።

የጊዜውም ነገር እንዲሁ ነው። ኪው-400 የተባለው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል ለመብረር ይችላል። 330ን ለ650 ብናካፍል ግማሽ ሰዓት ያህል ይወጣል። ይሁን እንጂ ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አይሮፕላኑ በመሬት ላይ ይንከባለላል፣ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል፣ ለማረፍም ፍጥነቱን ይቀንሳልና። ተሳፋሪው አስቀድሞ በጣቢያው ተገኝቶ የሚጠብቀውም ጊዜ በዚህ ላይ ይታከላል። በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው ግን መንገዱ ሰላም ሲሆን እንኳ ቀኑን ሙሉ ይወስድበታል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ያስገርማል። ደብረ ማርቆስ ለአዲስ አበባ ከባሕር ዳር ይልቅ ትቀርባለች፤ የመኪናው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና። ሆኖም ከባሕር ዳር በአይሮፕላን የተነሣ ሰው፣ ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ከተነሣው ቀድሞ ይደርሳል። ስለሆነም «አይሮፕላን ርቀትን አጠፋው» የሚለውን ቃል ለመቀበል እቸገራለሁ። አይሮፕላን ርቀትን ያሳጠረው ቲኬት ለመግዛት ለሚችለው ነው። ወደ ሐኪም ቤት የሚቸኩለው የደጀን በሽተኛና ጤፉን ለገበያ የሚያስጭነው የጎጃም ገበሬ ግን ርቀትን የሚያውቁት በዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ነው። ናዳ መንገዱን የዘጋ እንደሆነ ኪሎ ሜትሩ ሳይለወጥ አዲስ አበባ ትርቅባቸዋለች። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል፤ ዓባይን ከደመና በላይ ሆኖ የተሻገረም አየሁት ለማለት አይችልም።

ምናልባት «ሰዓት ተለዋዋጭ ስለሆነ ለካርታ አይመችም» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፣ ይለዋወጣል። ነገር ግን ጥቅሙም በዚሁ ነው። መንገድ ሲበላሽ ሰዓቱ ይረዝማል፤ ሲጠገን ያጥራል፤ ስለዚህ አገር መልማቱንና አለመልማቱን የሚነግረን እርሱ ነው።

ስለዚህ በየክፍላችን በተሰቀለው ካርታ ላይ፣ በከተሞች መካከል ሦስት ቁጥሮች እንዲጻፉ አሳስባለሁ፤ የአየሩ ኪሎ ሜትር፣ የመኪናው ኪሎ ሜትር፣ የአውቶቡሱም ሰዓት። ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ የሚሆን ቢኖር፣ ሥራው ሦስተኛውን ቁጥር መቀነስ መሆኑን ከዛሬ ጀምሮ ይወቀው።